ብርድ ልብስ ላይ የተኛው ጅብ

የአምስት ዓመቷ ልጄ ተረት ስትሰማ ዓይኗን ከአፌ አታነሳም፤ «እስቲ ደግሞ አንቺ ንገሪኝ» ስላት ግን «ጅቡ መጣ፣ ከዚያ በላ፣ ከዚያ ሄደ» ብላ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ነበር። ልብ ብላ የማትሰማ ስለመሰለኝ ለወራት ያንኑ ተረት እየደጋገምኩ፣ በጥያቄም እያጣደፍኳት ቆየሁ። የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እርሳስና ወረቀት ሰጥቻት የሰማችውን እንድትስል በጠየቅኳት ጊዜ ነው።

ተረቱ ጅብ ወደማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ የሚለው ነው። ከእናቴ እንደሰማሁት ባለቤቶቹ ደህና እንግዳ መስሏቸው ቁርበቱን ያነጥፉለታል፤ እሱም ሌሊቱን ቆርጥሞት ይሄዳል። ልጄ የሳለችው ጅብ ግን አበባ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ላይ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተወልዳ ያደገች ልጅ ቁርበት የት ታያለች? የሚነጠፍ ነገር ስትሰማ የምታውቀውን አነጠፈችለት፤ ብርድ ልብስ የሚበላ ጅብ ደግሞ ቀልዱም ተንኮሉም የሚገባ አይደለም። የደረቀ የከብት ቆዳ መሆኑን ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ፣ «ታዲያ እራቱን ነዋ አንጥፉልኝ ያላቸው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሌላም ነገር ጠረጠርኩ። «ተረት ተረት» ስላት «የላም በረት» ብላ የምትመልሰውን እንድትስል ብጠይቃት፣ ላም በረት መናኸሪያ የቆሙትን አውቶቡሶች ደረደረችልኝ።

አካሄዳችን ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። በመጀመሪያ ወረቀቱን ለስምንት አጥፌ ብሰጣት ሦስተኛው ላይ ሰለቻት፤ ለአራት ሳጥፈው ግን ለታሪኩም ለእሷም በቃ። ስላ ስትጨርስ የምትለውን ቃል በቃል፣ ሳላርም፣ ከሥዕሉ ሥር እጽፋለሁ፤ መልሼ ሳነብላትም «እንደዚህ አይደለም፣ መጀመሪያ አንኳኳ» እያለች ራሷ ታስተካክላለች። ከሁሉ የጠቀመን ግን በሥዕሎቹ መካከል ያለው የእጥፋቱ መስመር ነው። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ «ከዚህ ወደዚህ እንዴት ደረሰ?» ስላት፣ ሥዕል ያልተሳለለት ነገር፣ ማለትም ምክንያቱ፣ ብቅ ይላል፦ «ሰዎቹ እስኪተኙ የተኛ መሰለ እንጂ አልተኛም ነበር።» «ከዚያ በላ» ትል ከነበረች ልጅ ይህን መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጥፋትም አጥፍቻለሁ። አንድ ቀን ጅብ እንዴት እንደሚሳል ላሳያት ብዬ እርሳሱን ተቀብዬ ሳልኩላት፤ የራሷን በላጲስ አጠፋችና ለሁለት ሳምንት ያህል «እማዬ፣ አንቺ ሳዪልኝ» ከማለት በቀር እርሳስ አልነካችም። «ይሄ ውሻ ነው?» ብዬ መጠየቄም እንዲሁ አስከፍቷታል፤ አሁን የምለው «እስቲ ስለዚህኛው ንገሪኝ» ብቻ ነው።

ወደ ሥዕል የመለሳት በእናቴ ሳሎን የተሰቀለው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነው። በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች የሚሸጠው ዓይነት ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን ያደረገችውን ጉዞና የቀዳማዊ ምኒልክን ልደት በተርታ በተደረደሩ 44 ትንንሽ ሥዕሎች ይተርካል። ማንበብ የማትችለው ልጄ በጣቷ እየተከተለች ግማሹን ያህል በራሷ ቃል ተረከችልን። እናቴ በዚያው አጋጣሚ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ደጋጎቹ በሁለት ዓይን ሲሳሉ ክፉዎቹ ከጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ እንደሚታይ ነገረቻት።

በሳምንቱ ጅቡን እንደገና ሳለችው። በሦስቱ ሥዕሎች ሁለት ዓይን አለው፤ ቁርበቱን በሚቆረጥምበት በአራተኛው ግን አንድ ብቻ። እንደ ልማዴ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ሲመጣ አላወቁትማ» አለችኝ።