ጠዋት ባዶውን የሚሄደው መኪና

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ የትራንስፖርት ስምሪት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ያጠፋሁትን ጥፋት እስካሁን አልረሳሁትም። ያን ጊዜ፣ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር እያገናኘ ስለነበር፣ በእግርና በበቅሎ ብቻ ይደረስባት የነበረች አንዲት ሩቅ ቀበሌ የጠጠር መንገድ አገኘች፤ ለመንገዱ የሚመጥን ስምሪት ማውጣትም የእኔ ሥራ ሆነ።

በደንቡ መሠረት መጀመሪያ የተሳፋሪ ቆጠራ አደረግሁ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ በወረዳው ከተማ መናኸሪያ ተቀምጬ ወደዚያ አቅጣጫ መኪና የሚጠይቀውን ሰው መዘገብሁ፤ ቁጥሩ አነስተኛ ሆኖ ስላገኘሁት ለመስመሩ አንድ ቅጥቅጥ መደብሁ። መኪናው ነዳጅ፣ ጋራዥና የሹፌሩ ቤት ባሉበት በከተማው እያደረ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሥቶ ወደ ቀበሌዋ ይወጣል፤ ተሳፋሪ ይዞ ሲመለስ 4 ሰዓት ይሆናል፤ የመጨረሻው ምልልስ ደግሞ 8 ሰዓት ላይ ከከተማው ይነሣል። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ምንም እንከን አልታየበትም፤ አለቃዬም ፈረመበት።

ወር ሳይሞላ የመኪናው ባለቤት ጠዋት ባዶውን ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ባዶውን እየተመለሰ ነዳጅ እንደሚያቃጥል አመለከተ። እኔ ግን ቅሬታውን ከመመርመር ይልቅ መስመር ጥሎ ለመሄድ ሰበብ የሚፈልግ መስሎኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት፤ ሁለት ቀን ሲቀርም አስቀጣሁት። ይህን ሰው በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ነገሩ የተገለጠልኝ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌዋ በተጠራ ስብሰባ ላይ ነው። ሕዝቡ ለምን በመኪናው እንደማይጠቀም ስጠይቅ አንድ አዛውንት ብድግ ብለው፣ «ልጄ፣ መኪናችሁ እኛ ገበያ ስንደርስ ከደጃችን ይደርሳል፤ እኛ ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ እሱ ከተማ ገብቶ ያድራል» አሉኝ። ቀጥላ አንዲት እናት ተናገረች። የታመመ ልጇ ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር ተጽፎለት በእኛ መኪና 4 ሰዓት ላይ ከተማ ስትደርስ የማርቆሱ መኪና ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር፣ ለመኝታ ከፍላ ከበሽተኛ ልጇ ጋር ከተማ አደረች። የእኛ አካባቢ የረጅም መስመር ጉዞ በማለዳ የሚጀመር ነው፤ ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና ደጀን ላይ የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ስለሚጠብቅ፣ ማልዶ ያልተነሣ መንገደኛ ቀኑን ያጣል። እኔም ይህን እያወቅሁ የመስመሬን ሰዓት ከማርቆሱ መኪና ጋር አላገናዘብሁትም።

ስለዚህ ቆጠራውን እንደገና ጀመርሁት፤ በዚህ ጊዜ የሄድሁት ወደ መናኸሪያ ሳይሆን ቀበሌዋን ከከተማው ወደሚለያየው ወንዝ ድልድይ ነበር። በገበያው ቀን፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ባትሪ ይዤ ቆምሁ። ጤፍ የጫኑ አህዮች፣ ዶሮና እንቁላል የያዙ ሴቶች፣ በግ የሚነዱ ልጆች፣ ነጠላቸውን ተከናንበው የሚፈጥኑ ሰዎች በጨለማ ሲያልፉ ከየት እንደተነሡና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ እየጠየቅሁ ጻፍሁ። ያዘጋጀሁት ቅጽ ገና ሳይነጋ አለቀብኝና በደብተሬ ጀርባ ቀጠልሁ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም በመናኸሪያው መዝገቤ አልነበረም፤ እኔ የቆጠርሁት ያለው አገልግሎት የተመቸውን ሰው ብቻ ነበር፣ አገልግሎቱን ትቶ በእግሩ የሚሄደውን ግን አልቆጠርሁትም።

አዲሱ ስምሪት መኪናው በቀበሌዋ እንዲያድርና ጠዋት 12 ሰዓት ወደ ከተማ እንዲነሣ፣ ማታም ገበያው ከተበተነ በኋላ 10 ሰዓት ላይ እንዲመለስ አደረገ። ይህን ማስፈጸም ቀላል አልነበረም። ባለንብረቶቹ መኪናችን በገጠር አያድርም ብለው ነበርና፣ የቀበሌው ሰዎች የታጠረ ግቢና የሌሊት ዘበኛ፣ ለሹፌሩና ለረዳቱም ማደሪያ ቤት እስኪያዘጋጁ ድረስ ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን። በመጨረሻ የባለንብረቶቹ ማኅበር መኪኖች በየሳምንቱ ተራ እየገቡ እንዲያድሩ፣ ለቅዳሜም ሁለት መኪና እንዲጨመር ተስማሙ። የማርቆሱን የመጀመሪያ መኪና ተራ አስከባሪዎቹ ግማሽ ሰዓት እንዲያቆዩት በቃል ብቻ ነበር የተነጋገርነው፤ ሪፈር የያዘ በሽተኛ እንዳያመልጠው ስል በኋላ በጽሑፍ አስደረግሁት።

ክረምቱ ግን አሁንም አስቸጋሪ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው መሬት መረሬ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ጠጠሩን ስለሚውጠው መኪናው ድልድዩ ጋ ይቆማል፣ ከዚያ በላይ ያሉት ጎጦች ሕዝብም እስከ መኪናው በእግሩ ይወርዳል። ለተከታዩ ዓመት በጀት የጠየቅሁት የመጀመሪያው ነገር በዚያ ቁራጭ መንገድ ላይ የውሃ መውረጃ ቦይና ቱቦ እንዲሠራ ነበር፤ ከጥያቄው ጋርም በዚያ ሌሊት የተሞሉትን ቅጾችና የደብተሬን ገጾች አያይዤ አስገባሁ።