እስከ ጉልበቴ የገባሁበት ሐይቅ

ሐዋሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ1987 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያኔ ሁላችንም «አዋሳ» ነበር የምንላት። እናቴ ለሐምሌ ገብርኤል የተሳለችው ስለት ስለነበረባት፣ መምህር የነበረው አባቴ ዓመቱን ሙሉ ካጠራቀመው ገንዘብ ለአራት ሌሊት የሚበቃንን ይዞ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ጭምር ገና ሳይነጋ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አደረሰን። ከ275 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ዝዋይ ላይ በመስኮት ከተገዛልን ፓፓያ በቀር የማስታውሰው ነገር የለም።

ያደግኩት ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። በእኛ ሰፈር ወንዝ ማለት አፍንጫን ይዘው በድልድይ የሚሻገሩት፣ ኳስ ከገባበት ደግሞ ለማውጣት ሁሉም የሚጸየፈው ነገር ነበር። ስለዚህ አባቴ ጫማዬን አውልቆ ከሐይቁ ዳር ሲያቆመኝ በመጀመሪያ ያሸተትኩት ውሃውን ነው፤ እርጥብ ፊላና ዓሣ እንጂ ሌላ ነገር አልሸተተኝም። እጁን ይዤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ጎንበስ ብዬም የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከጥፍር የማይበልጡ ዓሦች መጥተው ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኩኝ በደስታ ጮህኩ። ውሃ ውስጥ ቆሜ የገዛ እግሬን ማየት መቻሌ እስከ ዛሬ ድረስ ከማልረሳቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ጧት ጧት ከሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እንወርድ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት የተጣለ መረባቸውን ሰብስበው ሲመለሱ ከእኔ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ተቀብለው በሁለት የቢላ ምት ከአጥንቱ ይለዩታል፤ የተረፈውን ወደ ኋላቸው ሲወረውሩ በቁመት ከወንድሜ የሚበልጡት አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች እየተጋፉ ይሻሙበታል። የተጠበሰ ዓሣ በ3 ብር ይሸጥልን ነበር። እናቴ እሾኹን እየለቀመች ታጎርሰን ነበር።

የተመለስኩት ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. የካቲት፣ የ10 ዓመት ልጄን ይዤ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ (ያኔ ዝዋይ ያልናት) ባለው ፈጣን መንገድ ሳናውቀው ስለተጓዝን ለምሳ ሻሸመኔን አልፈን ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ግን ከባድ ሆነብን፤ ካረፍንበት ቤት ጎን ያለው ጭፈራ ቤት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሙዚቃውን አልቀነሰም፣ አጎበሩም በሁለት ቦታ ተቀዶ ስለነበር ልጄ ፊቷ በትንኝ ተበልቶ ነው ያደረችው። በማግስቱ የባጃጅ ሹፌሩ ለአጭር መንገድ 200 ብር ሲጠይቀኝ፣ ሾርባ የምትሸጥ አንዲት እናት ከተቀመጠችበት ተነስታ «እንግዳ ናቸው ብለህ ነው? አታፍርም?» ብላ ተቆጣችውና 60 ብር ተቀበለኝ። ከዚያም በርበሬ የበዛበት የዓሣ ሾርባ ቀድታ ለልጄ «ትንኝ የበላሽን ይህ ያሽርልሻል» አለቻት፤ የእሷንም ሒሳብ አልቀበልም ብላ መለሰችልኝ።

ከዚያ ወደ ዳርቻው ወረድን። አባቴ ያቆመኝን ቦታ በእርግጠኝነት አገኘሁት ማለት አልችልም፤ አካባቢው ግን ያው ነበር። በፊላው ሥር ሃይላንዶች፣ ፌስታሎችና በእሽግ የተጣለ የጫት ገራባ ተጠላልፈው በማዕበሉ ላይ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ከከተማው የሚወርድ የጎርፍ ቦይ አጠገባችን ላይ ጥቁር ውሃውን ያፈሳል፤ ከሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለት ወጣቶች ባጃጅ በሳሙና ያጥባሉ። ውሃው የአተር ሾርባ ይመስላል። እጄን ከትቼ ሳወጣ በጣቶቼ መካከል ቀጭን አረንጓዴ ልጋግ ቀረ፤ አፍንጫዬም ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀውን የቀበናን ሽታ ለየው። ልጄ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ ስትል «ተይው» አልኳት። አባቴ ለእኔ ያደረገውን ለልጄ መከልከሌ አንጀቴን በላው።

በጀልባ ያወጡን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሌሎቹ 1,500 ብር ሲሉኝ እሳቸው 800 ብር ብቻ ጠየቁኝ። «አባባ፣ ድሮም እንዲህ ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ «ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ ውሃ ሲጠማኝ ከጀልባው ጎንበስ ብዬ በእፍኜ ነበር የምጠጣው። አሁን ከቤቴ በጀሪካን ይዤ ነው የምወጣው» አሉኝ፤ ከእግራቸው ሥር ያለውን ቢጫ ጀሪካንም በእጃቸው መታ አደረጉት።

ስለዚህ ሐይቅ እያንዳንዱ ጎብኚ ሊያውቀው ይገባል የምለው አንድ ነገር አለ። ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ሐዋሳ ሐይቅ ክረምት ከበጋ የሚገባለት አንድ ወንዝ፣ ጥቁር ውሃ፣ ብቻ ሲሆን በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ ግን የለውም። ውሃው በፀሐይ ተንኖ ሲሄድ ይዞት የገባው ነገር እዚያው ይቀራል። ጥቁር ውሃ በፋብሪካዎች አጠገብ አልፎ ነው የሚመጣው፤ ቀድሞ ደለሉንና ቆሻሻውን ያጠልለት የነበረው የጨለለቃ ረግረግ ደግሞ እየደረቀ ለእርሻና ለግጦሽ ውሏል። ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚወርደው የመጸዳጃና የሳሙና ፍሳሽ ውሃውን አረንጓዴ ለሚያደርገው ዋቅላሚ (አልጌ) ምግብ ይሆኑታል፤ ዋቅላሚው ሲበዛ ብርሃን ወደ ታች እንዳይወርድ ይከለክላል፣ ሞቶ ሲበሰብስም ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሻማል። ወራጅ ወንዝ ቢበደል በክረምት ጎርፍ ትንሽ ይታጠባል፤ ይህ ሐይቅ ግን የሰጠነውን ሁሉ ተሸክሞ ይቀመጣል። ይህን የምጽፈው ከተማዋን ለማሳጣት አይደለም። እኔም በልጅነቴ የማንጎ ልጣጬን ወደዚያው ውሃ ወርውሬያለሁ፤ አባቴም ዝም ብሎኛል።

ሽማግሌው የምንነጋገረውን ልጄ እየሰማች መሆኗን አይተው ነው መሰለኝ፣ ጀልባዋን ካሰብነው በላይ ወደ መሐል አራቋት። ከተማው እያነሰ፣ ታቦር ተራራ ብቻ ከፍ ብሎ ታየን። አንድ ጉማሬ በሩቅ ጆሮውን አራግፎ ሰመጠ። እዚያ ውሃው አሁንም አረንጓዴ ቢሆንም ሽታ አልነበረውም፤ አንድም ሃይላንድ አላየሁም። ልጄ ቀና ብላ ካየችኝ በኋላ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ እጇን ቀስ ብላ ከተተች። አልከለከልኳትም። ጣቶቿ እስኪጠፉ ድረስ እያየች፣ «እማ፣ አንቺ እግርሽ ታይቶሽ ነበር?» አለችኝ። «አዎ፣ አሥሩም» አልኳት።