ጤነኛውን ሳላይ ዕጢውን ቆጠርኩት

ጀርመን ማስተርሴን ስማር ለአንድ ኮርስ ሥራ የኮዋላ ካንሰር የሚባል ርዕስ ደረሰኝ፤ ኮዋላ ዛፍ ላይ የሚኖር የአውስትራሊያ እንስሳ ነው። ኮዋላ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የነበረኝ ላፕቶፕና ለሁሉም ክፍት የሆነ የዲኤንኤ ዳታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮዋላዎችን ኮርቭ የሚባል ሬትሮቫይረስ ይይዛቸዋል። ራሱን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጥና የሴሉ ዲኤንኤ መሃል ይሰነቀራል። የዘር ሴሎቻቸው ውስጥም ስለገባ አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ በሚባለው ግዛት ያሉት ኮዋላዎች ከእናት ከአባታቸው ይወርሱታል፤ ከዚያ ደግሞ በሕይወት እያሉ አዲስ እየተሰነቀረ ይጨመርባቸዋል። ጫፎቹ ላይ ጂን የሚያበራ ማብሪያ አለው። ተከራይ ገብቶ የአከራዩን መብራት ሲያበራ በሉት። ሴል የሚያራባ ጂን አጠገብ ካረፈ ጂኑ እንደበራ ያድራል፣ ሴሉ ይባዛል፣ ሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ወይም የደም ካንሰር ሊመጣ ይችላል።

የእኔ ሥራ ቫይረሱ ያረፈበትን ቦታ መፈለግ ነበር። ግማሹ ቫይረስ ግማሹ ኮዋላ የሆነ የዲኤንኤ ቁራጭ ታድናላችሁ፤ የኮዋላው ግማሽ አድራሻውን ይነግራችኋል።

ከዕጢው ዳታ መዓት አድራሻ ወጣ። አንዱ የካንሰር ጂን አጠገብ ሆኖ ሳገኘው፣ ምን ልበላችሁ፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ ብዬ ስላይድ ስሠራ አደርኩ። አማካሪዬ አየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «የዚሁ ኮዋላ ጉበት ላይስ?»

አላየሁም ነበር። ሳየው ያ የኮራሁበት አድራሻ ጤነኛው ጉበት ውስጥም ቁጭ ብሏል። የወረሰው ነዋ! የተወረሰ ሁሉ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ግን ዕጢውን ያስነሳው እሱ ነው ማለት አልችልም።

እንደገና ከዜሮ። ጉበቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከዕጢው ስቀንስ ዝርዝሬ ሟሸሸ። ደግሞ አንድ ቫይረስ በግራም በቀኝም ከኮዋላው ዲኤንኤ ጋር ይገናኛል፤ እኔ ሆዬ ሁለት ብዬ ቆጥሬዋለሁ።

በ2021 የታተመውን ጥናት በደንብ ያነበብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የ10 ኮዋላዎችን ዕጢና ጤነኛ ሥጋ ጎን ለጎን አይተው 1002 የተለያዩ ቦታዎች አግኝተዋል፤ ዕጢዎቹ ውስጥ አዳዲሶች ተጨምረዋል፣ አጠገባቸው ያሉት ጂኖች ደግሞ ከካንሰር ጋር ንክኪ ያላቸው ይበዛሉ። ጭራሽ አንዱ ቫይረስ የኮዋላውን ጂን ጠልፎ ይዞ ተገኝቷል። አስቀድሜ ባነበው ኖሮ ሁለት ሳምንት ይተርፈኝ ነበር።

ያን ስላይድ አላጠፋሁትም። በቀይ «ተገኘ!» ይላል።