39ኛዋ ፎቶ

አምና ጥር 11 ጃንሜዳ ላይ ያነሳሁት ፊልም 39 ፎቶ ደረሰ። ፊልሙ ግን የ36 ነው። አንድ ሁለት ቢተርፍ አያስገርምም፣ ያጋጥማል። 39 ላይም ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ፎቶ የሚስበው ማጠንጠኛ ያለ ምንም ችግር ሲሳብልኝ ግን "ዛሬስ እግዜር መረቀልኝ" አልኩ። ሞኝ!

ካሜራው ዜኒት ኢ ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ነው፤ ቢወድቅ የሚሰበረው ወለሉ ነው። ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። የብርሃን መለኪያው አርጅቷል፤ ባያረጅም ለጥምቀት አላምነውም። ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ በቆመበት፣ መለኪያው ብርሃን የበዛ መስሎት ነጠላውን ሁሉ አመድ ያስመስለዋል። ስለዚህ በግምት ሄድኩ፤ ፊልሙ ባለ 400፣ ለብርሃን ስስ ስለሆነ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ 16 ላይ አጠበብኩ፣ ፍጥነቱን የሴኮንድ 1/500 አደረግሁ። ለዚህ ሁሉ የተጠነቀቅኩ ሰው ነኝ።

ከ39ኙ አንዷ የእማማ ነበረች። አያቴ ካሜራ ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ስበው ዞር ይላሉ። የዚያን ቀን ግን ታቦቱ ሲያልፍ እልል ብለው ብለው ሲጨርሱ፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ወደ እኔ ዞሩ። "በይ አንሺኝ" አሉ። በገዛ አፋቸው!

ፊልሙን ፒያሳ አካባቢ እስካሁን ጥቁርና ነጭ በእጃቸው ለሚያጥቡ አንድ አዛውንት ሰጠሁ። በሳምንቱ ስመለስ የዘረጉልኝ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ጫፉ ላይ ከጠቆረችው ምላስ በቀር ምንም የለበትም።

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ ምን አደረጉት?" አልኩ፤ ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም። አልመለሱልኝም። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዘው ጠርዙን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ። "አንብቢ።"

ከቀዳዳዎቹ ጎን የፊልሙ ስም፣ ኢልፎርድ ኤችፒ5፣ እና ቁጥሮቹ ጥቁር ብለው ወጥተዋል። ለካ ፋብሪካው ያንን ጽሑፍ በቀለም አያትመውም፤ በብርሃን ነው የሚጽፈው፣ ልክ እንደ ፎቶ። የሚወጣው ፊልሙ ሲታጠብ ነው። ጋሼ ኬሚካሉን አቀያይረው፣ ምስል የሚያወጣውን ትተው የሚያጸናውን አስቀድመው ቢሆን ኖሮ ጽሑፉም አብሮ በጠፋ ነበር። ጽሑፉ ኖሮ ፎቶው ከሌለ፣ ጥፋቱ የአጣቢው ሳይሆን የአንሺው ነው።

"ልጄ፣ እኔ ያጠብኩት አዲስ ፊልም ነው" አሉኝ።

የጥምቀት ዕለት ጠዋት ፊልሙን ያስገባሁት ታክሲ ውስጥ ነው፤ ወያላው ሒሳብ እያለ፣ አንዲት ሴትዮ ክርናቸውን ጎኔ ላይ አሳርፈው። ምላሷን መጠቅለያው ስንጥቅ ውስጥ በወጉ ሳላስገባ ክዳኑን ዘጋሁ። ተንሸራታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ካሜራው ጠቅ ይላል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ፊልሙ ግን ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። ወደ ኋላ ስመልሰው በሁለት ዙር ማለቁ እንኳ አላነቃኝም።

ጋሼ ካሜራውን ተቀብለው በስተግራ ያለችውን የፊልም መመለሻ አሳዩኝ። ማጠንጠኛው በተሳበ ቁጥር እሷም አብራ መዞር አለባት። ካልዞረች ፊልሙ አልተያዘም። ሦስት ዓመት በዚህ ካሜራ ሳነሳ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም። የማጠቢያውን ሒሳብ ግን ተቀበሉኝ፤ ደግ አደረጉ።

የከበደኝ እማማ ናቸው። "ፎቶዬስ?" በደወሉ ቁጥር። "ገና አልታጠበም" እያልኩ እስከ ፋሲካ ዋሸሁ። ለበዓሉ ቤታቸው ስሄድ ፊልሙን አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ አስገባሁ፤ መመለሻዋ ስትዞር በዓይኔ አየሁ። ቡና ሲቀዱ ላነሳቸው ነው። ቤቱ ጨለም ስለሚል ቀዳዳውን እስከ 2 ከፈትኩ፣ ፍጥነቱን 1/30 አደረግሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። በአንድ ሜትር ርቀት ቀዳዳው እንዲያ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚወጣው የሁለት ጣት ያህል ውፍረት ብቻ ነው። እኔ ያነጣጠርኩት ደግሞ በሚያብለጨልጨው ነገር ላይ ነው።

ፎቶውን ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። የጀበናዋ አፍ የተሸረፈው ሳይቀር ይቆጠራል። ፊታቸው ከእንፋሎቱ ኋላ ጭጋግ ሆኗል።

"ጀበናዋ አምራለች" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፦ "ይቺ ከኋላ ያለችውስ ማን ናት?"