«ተገናኝቷል» የሚለው ቃል የደበቀብን

በአንድ ትልቅ ተቋም ውስጥ በኔትወርክ አገልግሎቶች ላይ ተግባራዊ ምርምር የሚያካሂድ አነስተኛ ቡድን ስቀላቀል የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። ተቋሙ ሁሉም ሰው የሚጋራውን አንድ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ትቶ፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በራሱ ስምና የይለፍ ቃል ወደሚገባበት ሥርዓት ተሸጋግሮ ስለነበር የእኔ ድርሻ ሽግግሩ ምን ያህል እንደተሳካ መለካት ሆነ። የሰርቨሩን መዝገብ ለሦስት ሳምንታት ተከታትዬ፣ አብዛኞቹ መሣሪያዎች በመጀመሪያው ሙከራ እንደሚገናኙ የሚያሳይ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ሪፖርቱም ያለ ብዙ ክርክር ተቀባይነት አገኘ። ዛሬ መልሼ ሳነበው አንድም የተሳሳተ ቁጥር አላገኘሁበትም። ስህተቱ ያለው በጥያቄው ላይ ነው፤ ስንት መሣሪያ እንደተገናኘ ስቆጥር ከማን ጋር እንደተገናኘ አልጠየቅሁም ነበር።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ይህ ዓይነቱ መግቢያ 802.1ኤክስ በሚባለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው የኔትወርክ መግቢያ ቴክኒካዊ ደረጃ ላይ የተመሠረተ ነው። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ የይለፍ ቃሉን የሚያቀርበው ከአክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን ከሚያሠራጨው መሣሪያ) ጀርባ ላለው፣ የተጠቃሚዎችን ማንነት ለሚያረጋግጠው ራዲየስ ሰርቨር ሲሆን፣ ንግግራቸው ቲኤልኤስ በተባለው የምስጠራ ፕሮቶኮል በተመሰጠረ ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው ከመከፈቱ በፊት ሰርቨሩ ሰርተፊኬቱን፣ ማለትም ማንነቱን የሚገልጽና በሌላ አካል የተፈረመ ዲጂታል ሰነድ፣ ያሳያል፤ መሣሪያውም የሰርተፊኬቱ ፈራሚ እንዲያምነው የታዘዘው አካል መሆኑን፣ በላዩ የሰፈረው ስምም የሚጠብቀው ስም መሆኑን ያጣራል። ይህ ማጣራት ከቀረ፣ የኔትወርኩን ስም አስመስሎ አክሰስ ፖይንት የተከለ ማንኛውም ሰው በዋሻው ማዶ ተቀምጦ መረጃውን ሊቀበል ይችላል። የይለፍ ቃሉ በዋሻው ውስጥ እንዳለ የሚላክ ከሆነ በቀጥታ እጁ ይገባል። ኤምኤስ-ቻፕ ሥሪት 2 በተባለው ዘዴ ተለውጦ ቢላክም ብዙ አያድንም፤ የደህንነት ተመራማሪዎቹ ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዴቪድ ሃልተን በ2012 እ.ኤ.አ. የዘዴው ጥንካሬ ዴስ የተባለውን የቆየ የምስጠራ ዘዴ አንድ ባለ 56 ቢት ቁልፍ ፈልጎ ከማግኘት እንደማይበልጥ፣ ለዚህ በተሠራ መሣሪያም በአንድ ቀን ውስጥ ሊሰበር እንደሚችል አሳይተዋልና።

እኔ ያላስተዋልኩት ማጣራቱ የሚካሄደው በተጠቃሚው መሣሪያ ውስጥ ብቻ መሆኑን ነው። ሰርቨሩ መሣሪያው ሰርተፊኬቱን መርምሮ ይግባ ሳይመረምር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ሁለቱም በመዝገቡ ላይ በአንድ ዓይነት መስመር ይጻፋሉ። እንዲያውም የማያጣራው መሣሪያ የሚያሰናክለው ነገር ስለሌለ በመጀመሪያው ሙከራ የመግባት ዕድሉ ይበልጣል። በመሆኑም እንደ ስኬት ያቀረብኩት ከፍተኛ ቁጥር በከፊል የአደጋው ልክ ሊሆን ይችል ነበር።

ይህን የተረዳሁት በአንድ ሰኞ ዕለት ነው። የሰርቨሩ ሰርተፊኬት የአገልግሎት ዘመኑ ሊያበቃ ሲቃረብ ከቀድሞው የተለየ ፈራሚ ያለው አዲስ ሰርተፊኬት አስገብተን፣ ለውጡን ሰው በማይበዛበት ቅዳሜ ሌሊት አከናወንን። ሰኞ ጠዋት የእገዛ ክፍሉ ስልክ ፋታ አጣ። የደዋዮቹን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ስመለከት የተቋረጡት ሁሉንም ነገር በትክክል ያዋቀሩት ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው፤ መሣሪያዎቻቸው የቀድሞውን ፈራሚ ብቻ እንዲያምኑ ስለታዘዙ አዲሱን ሰርተፊኬት እንደ ሐሰተኛ ቆጥረው፣ ተገቢውን አድርገው መልሰውታል። ምንም የማያጣሩት መሣሪያዎች ግን ለውጥ መኖሩን እንኳ ሳያውቁ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የእኛው ምክር ነበር፤ ወረፋውን ለማቃለል ስንል ለደዋዮቹ ማጣራቱን እንዲያጠፉት ነገርናቸው። እስከ ማታ ድረስ ቅሬታው ጸጥ አለ፣ መዝገቡም ወደ ቀድሞው ጥሩ ቁጥር ተመለሰ፤ ትክክል የነበሩትንም በአንድ ቀን ውስጥ እንደ ሌሎቹ የማያጣሩ አደረግናቸው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ በመዝገቡ ላይ መተማመኔን ትቼ መሣሪያዎቹን ራሳቸውን መፈተን እንዳለብኝ ወሰንኩ። ፈተናው አስመሳይ ኔትወርክ መትከል ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ያለ ፈቃድ ከተደረገ ከጥቃት ስለማይለይ፣ ከኃላፊዎች የጽሑፍ ፈቃድ አግኝተን፣ በፈቃደኝነት የመጡ ሰዎችን መሣሪያ ብቻ፣ ከሌሎች ቢሮዎች ርቆ በሚገኝ ክፍል ውስጥ፣ የሬዲዮ ኃይሉን እስከ መጨረሻው ቀንሰን ፈተንን። ሰርቨሩን ያዘጋጀሁት የይለፍ ቃል ደረጃ ላይ ፈጽሞ እንዳይደርስ አድርጌ ነው። ሐሰተኛውን ሰርተፊኬት ያሳያል፤ የሚያጣራ መሣሪያ የውድቅ መልእክት ልኮ ወይም ዝም ብሎ ይቋረጣል፤ የማያጣራው ደግሞ የዋሻውን ውል ይፈጽማል፣ በዚያችው ቅጽበትም እኛ ግንኙነቱን እንቆርጣለን። ስለዚህ ማንም የይለፍ ቃሉን ሳይሰጥ መሣሪያው ይስጥ አይስጥ እንደነበር ለማወቅ ተችሏል።

ፈተናው የማንንም መረጃ የማይነካ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን መዝገቡን ስከፍት ስም አንመዘግብም ብለን ቃል የገባንላቸው የተሳታፊዎች ስሞች በተርታ ተዘርዝረው አየሁ። ምክንያቱ ከዋሻው በፊት የሚላከው ውጫዊ መለያ ነው፤ መሣሪያው ስም-አልባ መለያ እንዲጠቀም ካልታዘዘ እውነተኛውን የተጠቃሚ ስም ከምስጠራው በፊት በግልጽ ይልከዋል። ንድፉን ስሠራ ስለ ይለፍ ቃሉ ብቻ ተጨንቄ ይህን ዘነጋሁ። ፈተናውን አቁሜ መዝገቡን ሰረዝኩ፣ ለተሳታፊዎቹም የሆነውን ነገርኳቸው፤ ሁለቱ ከጥናቱ ወጡ፣ መብታቸውም ነበር። ፈተናውን እንደገና የጀመርነው ስሙ ወደ ዲስክ ሳይጻፍ እዚያው በሰርቨሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንዳለ እንዲጣል ካደረግን በኋላ ነው። ያ ስህተት አንድ ያልጠበቅሁት ግኝትም ሰጠን፤ ስም-አልባ መለያን የሚያዝ መመሪያ ለተጠቃሚዎቻችን ሰጥተን አናውቅም ነበር።

ፈተናው ጥቂት የማይባሉ መሣሪያዎች አስመሳዩን ኔትወርክ ያለ ጥያቄ እንደሚቀበሉ አረጋገጠ፤ ምክንያቱን ግን አልነገረንም። ለዚያ ከሰዎች አጠገብ መቀመጥ አስፈለገ። አምስት ሰዎችን በየተራ ጋብዤ፣ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እየተናገሩ መሣሪያቸውን ከመጀመሪያው እንዲያዋቅሩ ጠየቅኋቸው። አምስት ሰው ይበቃል የሚለው ልማድ የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪዎቹ ያዕቆብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ስሌት የመጣ ነው፤ አንድ ተሳታፊ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን ቢያሳይ አምስት ተሳታፊዎች 85 በመቶ ያህሉን ያሳያሉ ይላል። ስሌቱ ችግሮችን ለማግኘት ያገለግላል፤ ችግሩ በስንት ሰው ላይ እንደሚደርስ ለመገመት ግን አያገለግልም። ሁለቱን ቀላቅለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፣ እኔም በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ቀላቅዬ ነበር።

የመጀመሪያዋ ተሳታፊ ስልኳን ስታወጣ የራሳችንን የመመሪያ ወረቀትም አብራ አወጣች። ወረቀቱ በሦስተኛው ሥዕል ላይ በቀይ ቀስት «አታጣራ» የሚለውን ምርጫ ያሳያል። የጻፈው የእኛው ክፍል ነው፤ ሲጻፍም የስልክ ጥሪን ለመቀነስ ታስቦ ነበር፣ በእርግጥም ቀንሷል። ሁለተኛው ተሳታፊ ደግሞ ያን ምርጫ ፈልጎ አጣው፤ ስልኩ አዲስ ነበር፣ በአንድሮይድ 11 ዝማኔ ምርጫው ከዝርዝሩ ወጥቷልና። በእሱ አረዳድ የተበላሸው ስልኩ ነው። ሦስተኛዋ የሰርተፊኬቱን ዝርዝር የያዘና «እመን» የሚል አዝራር ያለበት ገጽ መጣላት፤ ረጅሙን የቁጥርና የፊደል ድርድር ትኩር ብላ ካየችው በኋላ ወደ እኔ ዞራ «ይህን ከምን ጋር ላመሳክረው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማመሳከሪያውን የትም አላወጣነውም ነበር፤ ማረጋገጫ ሳንሰጣት እንድታረጋግጥ ጠይቀናታል ማለት ነው።

ለዓመታት በሪፖርቶቻችን ውስጥ «የተጠቃሚ ግድየለሽነት» እያልን የምንጽፈው ይህንኑ ነበር። አልማ ዊተንና ዳግ ታይጋር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 12 ሰዎች በ90 ደቂቃ ውስጥ ፒጂፒ 5.0 በተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ኢሜይል ፈርመውና መስጥረው እንዲልኩ ሲጠየቁ አብዛኞቹ አልቻሉም። አጥኚዎቹ ካስቀመጧቸው ነጥቦች አንዱ ሰዎች ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጡት ደህንነትን ለማስጠበቅ ብለው ሳይሆን ሌላ ሥራ ኖሯቸው መሆኑ ነው። ነጥቡን ቀደም ብዬ አንብቤው ነበር፤ ነገር ግን የማነበው ስለ ሌሎች ሰዎች ሶፍትዌር እንጂ ስለ እኛ የመመሪያ ወረቀት አልመሰለኝም።

መፍትሔው በመርህ ደረጃ የታወቀ ነው። ሰው በእጁ የሚሞላውን ቅጽ አስቀርቶ ፈራሚውን፣ የሰርቨሩን ስምና ስም-አልባውን መለያ የያዘ የማዋቀሪያ ፋይል መስጠት ይቻላል፤ ለተጠቃሚው የሚቀረው ስሙንና የይለፍ ቃሉን መጻፍ ብቻ ይሆናል። ያደከመን ፋይሉን እንዴት እናድርስ የሚለው ጥያቄ ነበር፣ ምክንያቱም ፋይሉን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ፋይሉ ያስፈልጋል። ወደ ማውረጃው ገጽ ብቻ የሚያደርስ ክፍት ኔትወርክ ከፈትን። ስልኮቹ ይህን ኔትወርክ ሲያገኙ በራሳቸው ትንሽ የመግቢያ መስኮት ከፈቱ፤ በዚያ መስኮት ውስጥ ግን ፋይል አውርዶ መጫን ስለማይቻል ተጠቃሚዎች አዝራሩን ደጋግመው ነክተው ተስፋ ቆረጡ። ሁለት ወር ገደማ የፈጀብን ይህ ነው። በመጨረሻ የስልኩ የራሱ አሳሽ እንዲከፈት አድርገን አስተካከልነው፤ የገጹን አድራሻ የያዘ ኪውአር ኮድም በየመግቢያው ለጠፍን። አጭበርባሪ በላዩ ሌላ ሊለጥፍ እንደሚችል አንድ ባልደረባዬ ሲያነሳ ወረቀቶቹን ከመስታወት ጀርባ አደረግናቸው።

የሰርተፊኬቱን ጉዳይ በሁለት ነገር ፈታነው። ለዚህ አገልግሎት ብቻ የሚውል ረጅም ዕድሜ ያለው የራሳችን የፈራሚነት ሥር (ሌሎች ሰርተፊኬቶችን የሚፈርም ዋና ሰርተፊኬት) አቋቁመን በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ አካተትነው፤ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት በየጊዜው ቢታደስም ፈራሚው ስለማይቀየር መሣሪያዎቹ ለውጡን አይሰሙትም። ሁለተኛው ልማድ ነው፤ ከማንኛውም ለውጥ በፊት በትክክል የተዋቀሩ ጥቂት መሣሪያዎችን ወስደን በሙከራ ሰርቨር ላይ እናያቸዋለን፣ እነሱ ከተቋረጡ ለውጡ አይደረግም። ወረቀቱ ተሰበሰበ። የእገዛ ክፍሉ ባልደረቦችም «አጥፉት» በሚለው ምክር ፈንታ ፋይሉ እንደገና እንዲጫን የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ተሰጣቸው፤ ጽሑፉን ያረቀቁት ራሳቸው በመሆናቸው ከእኔ የተሻለ ግልጽ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ በምናቀርበው ሪፖርት ላይ «የተገናኙ» የሚለውን ቁጥር ለብቻው አናወጣም፤ በየስድስት ወሩ በፈቃደኞች መሣሪያ ላይ የሚደረገው የአስመሳይ ኔትወርክ ፈተና ውጤት አጠገቡ ይቀመጣል። ፈተናው ትንሽ ናሙና ያለው፣ በፈቃደኝነት ለመጡ ሰዎች ያደላ ነው፤ ይህንንም እዚያው እንጽፈዋለን። ሆኖም ፋይሉን የጫኑ መሣሪያዎች አስመሳዩን ሲመልሱ፣ በእጅ የተዋቀሩት አሮጌዎቹ አሁንም ሲቀበሉት በየዙሩ እናያለን። እነዚህን አሮጌዎች በማስጠንቀቂያ ኢሜይል ማስተካከል አልተቻለም፤ ባለቤቱ ዘንድ መሣሪያው ይሠራልና።

ስለዚህ አሁን የምንሠራው የይለፍ ቃሉን ራሱን ከዋይፋዩ የማውጣት ሥራ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 5216 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚወጡባቸው ሰነዶች መጠሪያ ነው) የተደነገገው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 9190 ለቲኤልኤስ 1.3 የታደሰው ኢኤፒ-ቲኤልኤስ መሣሪያውም የራሱን ሰርተፊኬት እንዲያቀርብ ያደርጋል፤ በአስመሳይ ቢታለል እንኳ አሳልፎ የሚሰጠው የይለፍ ቃል አይኖርም። በዚህም ከስድስት ሰዎች ጋር ተቀምጠን አይተናል። አምስቱ ያለ ችግር ጨረሱ፤ ስድስተኛው ስልኩን በቅርቡ ቀይሮ ስለነበር ሰርተፊኬቱ በአሮጌው ስልክ ላይ ቀርቶበታል፣ አሮጌው ስልክ ደግሞ አሁን በልጁ እጅ ነው። የጠፋና የተላለፈ መሣሪያን ሰርተፊኬት ባለቤቱ ራሱ የሚሰርዝበትን ገጽ በዚህ ወር እየነደፍን ነው፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከእኛ ጋር ተቀምጦ የሚሞክረውም ይኸው ስድስተኛው ሰው ነው።