ከጋራዥ ጓሮ ዕቃ መፍታት፦ ጅማ ላይ እንደማየው

በአሜሪካ የተጋጩና ያረጁ መኪኖች በሰፊ ግቢ በተራ ተደርድረው የሚቀመጡባቸው፣ ደንበኛው በር ላይ ጥቂት ዶላር ከፍሎና የራሱን መፍቻ ይዞ ገብቶ የሚፈልገውን ዕቃ በገዛ እጁ ፈትቶ የሚገዛባቸው ቦታዎች አሉ። ዋጋው በአብዛኛው በመኪናው ሳይሆን በዕቃው ዓይነት ስለሚተመን፣ የውድ መኪና ዲናሞም የርካሽ መኪና ዲናሞም ተመሳሳይ ሒሳብ ይጠየቅበታል። እኔ በማውቃት ጅማ ይህን የሚተካው የጋራዥ ጓሮ ነው። ጎማቸው ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጡ፣ ሣር እስከ በራቸው የደረሰባቸው መኪኖች በየጋራዡ ጀርባ ይታያሉ፤ ከፊሎቹ በጊቤ ቁልቁለት ወይም በአጋሮ መንገድ ተጋጭተው የተጎተቱ፣ ከፊሎቹ በውርስ ክርክር የታገዱ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ባለቤታቸው የጥገናውን ሒሳብ ሰምቶ በዚያው የቀረባቸው ናቸው። የዋጋ ዝርዝር የለም፤ ያለው ክርክር ነው።

ወደነዚህ ጓሮዎች የሚመራን ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ አብሮ ተወደደ። ስለዚህ የእኔን ዲኤክስ ኮሮላ የመሰሉ መኪኖች ከዕድሜያቸው በላይ እንዲያገለግሉ ይገደዳሉ። አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ደውሎ ዕቃ ማስመጣት ይቻላል፤ ነገር ግን 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ ዕቃ ሳይገጥም ሲቀር የመመለሱ ጣጣ ከዋጋው የበለጠ ያስመርራል። ጓሮ ውስጥ ግን አሮጌውን ዕቃ በእጅ ይዞ፣ ከሚፈታው ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል።

ብዙ ሰው ወደ ጓሮ የሚሄደው ካምቢዮ ወይም ዲፍረንሻል የመሰለ ትልቅ ዕቃ ፍለጋ ነው። በእኔ አመለካከት ግን የጓሮው ዋና ሀብት የትም ሱቅ የማይሸጠው ጥቃቅን ነገር ነው፦ የበር ሽፋን የሚይዙት ክሊፖች፣ የፊልትሮ ቤት መቆለፊያ፣ የራዲያተር መቀመጫ ጎማ፣ የዲናሞ መወጠሪያ ብረት፣ የመብራት ሶኬት ከነሽቦው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብሎኖች። ስለ ብሎኖቹ ትንሽ ልቆይ። ቶዮታ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሕንፃ መሣሪያ መደብሮች በብዛት የሚሸጠው ግን የ1.5 ነው። የሁለቱ ጥርስ በዓይን ሲታይ አንድ ይመስላል። የመደብሩ ብሎን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በእጅ ይገባል፣ ቀጥሎ ይጠብቃል፣ መካኒኩ ዝጎ ነው ብሎ በቁልፍ ሲያስገድደው የሞተሩ አሉሚኒየም ጥርስ ተላጭቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ቶርኖ ቤት ነው። መለያ ምልክቱ ቀላል ነው፤ የጃፓኑ ብሎን ጭንቅላት ለ14 ቁልፍ የተሠራ ሲሆን የመደብሩ ብዙውን ጊዜ ለ17 ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ዕቃ ስፈታ ብሎኖቹን ከነጎሚኒያቸው በላስቲክ አስሬ፣ የየትኛው ዕቃ እንደሆኑ ጽፌ እወስዳለሁ፤ ባለጋራዦቹም ለብሎን ሒሳብ ስለማይጠይቁ ከሁሉም የሚረክሰው ይኸው ነው።

የመብራት ሶኬትም እንዲሁ ነው። የፊት መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አብዛኛው ሰው አምፖል ይቀይራል፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከሶኬቱ ውስጥ ያለው ነሐስ በሙቀት ላልቶ አምፖሉን አጥብቆ አለመያዙ ነው። ከቆመ መኪና ላይ ሶኬት ስቆርጥ ቢያንስ አንድ ስንዝር ሽቦ አስቀርለታለሁ። ከዚያም የሽቦውን ልባስ ገፍፌ መዳቡን አየዋለሁ፤ ቀይና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደኅና ነው፣ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዱቄት አብቅሎ ከሆነ ውኃ በልባሱ ውስጥ ተስቦ ገብቷልና ሌላ መኪና እፈልጋለሁ። በጅማ ዝናብ ኮፈኑ ተከፍቶ የከረመ መኪና ሽቦው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አረንጓዴ ነው።

ዕቃውን ከማየት በፊት መኪናው ለምን እንደቆመ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዘበኛውን መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ከፊት ተጋጭቶ የመጣ መኪና እስከተጋጨበት ደቂቃ ድረስ ሲሠራ የነበረ በመሆኑ ካምቢዮው፣ የኋላ አክሰሉ፣ የኋላ በሮቹና የመስታወት ማንሻዎቹ ሊታመኑ ይችላሉ። አካሉ ምንም ሳይሆን የቆመ መኪና ግን በሞተሩ ወይም በካምቢዮው ሕመም ምክንያት የቆመ ነውና ከእሱ ላይ የሚፈለገው የአካል ዕቃ ነው። የዘይት መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከታየ ውኃ ተቀላቅሎበታል። ካንዴላዎቹ ተነቅለው ክፍት የተተወ ሞተር ደግሞ ክረምቱን ውኃ ሲጠጣ የከረመ ስለሆነ ከሲሊንደሩ አካባቢ ምንም አልመኝም።

ሞተሪኖ፣ ማለትም የሞተር ማስነሻው፣ በቦታው ሊፈተን የሚችል ዕቃ ስለሆነ ሳይፈተን መግዛት ተገቢ አይደለም። በመጀመሪያ የጥርሱን ቁጥርና የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ከአሮጌው ጋር ማስተያየት ይገባል፤ የዲኤክሱ 4ኬ ሞተር በላይትኤስ መኪኖችም ላይ ስለሚገኝ ፍለጋውን በኮሮላ ብቻ መወሰን አያስፈልግም። ቀጥሎ ሞተሪኖውን መሬት ላይ አስቀምጦ በእግር አጥብቆ መርገጥ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከአካሉ፣ ፖዘቲቩን ከትልቁ ብሎን ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም ከትልቁ ብሎን ወደ ትንሿ መግቢያ በአጭር ሽቦ መንካት ነው። ጥርሱ ወደ ፊት ተወርውሮ በኃይል ከዞረ ዕቃው ይሠራል። ቀጭ ብሎ ዝም ካለ የውስጥ መገናኛው ተበልቷል፤ ተጎትቶ ከዞረ ካርቦኑ አልቋል ወይም ቡሹ ለቋል፤ ካርቦን ርካሽ ስለሆነ ይህ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ይሆናል። ሳይረግጡት የሚፈትኑ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሞተሪኖው እንደ ዶሮ ዘሎ ሽቦውን ከእጃቸው ይነጥቃቸዋል። ዲናሞ ግን በቦታው የሚታወቀው በእጅ ሲዞር ኩሽኔታው የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው፤ መሙላቱ የሚረጋገጠው ተገጥሞ ሞተር ሲነሣ ወደ 14 ቮልት ማሳየቱ ሲታይ ነው።

የቪትዝ ባለቤቶች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ። ከጃፓን የመጣ መኪና መሪው ወደ ግራ ቢዛወርም የፊት መብራቱ የተሠራው በግራ ለሚነዱ ሰዎች ነው፤ አጭሩ መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ አድርጎ ይረጫል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ብርሃን በቀጥታ ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከቪትዝ ላይ መብራት ከመፍታት ይልቅ ለአውሮፓ ከተሠራው የቪትዝ አቻ፣ ከተመሳሳይ ዘመን ያሪስ ላይ መፈለግ ይሻላል፤ መግጠሙን ግን እዚያው ለክቶ ማረጋገጥ ነው።

በነፃ ቢሰጡኝም የማልወስዳቸው ዕቃዎች አሉ፦ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የፍሬን ሸራ፣ የሞተር ታይሚንግ ቺንጋ፣ የመሪ ቴስቲኒ (መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው መገጣጠሚያ)፣ በግጭት ጊዜ ሰው የታሰረበት የደኅንነት ቀበቶ። የፍሬን ዲስክ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ወርዶ የተቃጠለ ነው፤ በጊቤ በኩል ከመጡ መኪኖች ላይ ይህን ቀለም ማየት ብርቅ አይደለም። ጎማ የሚገዛ ሰው ደግሞ በጎኑ የተጻፉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ያንብብ፤ 2215 ማለት እ.ኤ.አ. በ2015 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ቢታይም በፀሐይ የቆመ ጎማ ውስጡ ይሰነጣጠቃል።

ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው በክሪክ ብቻ አይተማመን። የጓሮ አፈር በዝናብ የለሰለሰ ስለሆነ ክሪኩ እየሰመጠ ይዘማል፤ ቸርኬ ወይም ጠንካራ ጉማጅ እንጨት ከሻንሲው ሥር ሳይደረግ መግባት የለበትም።

የቀረው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ስፖኪዮና መብራት በሚሰረቅበት አገር የዕቃውን ምንጭ አለመጠየቅ የሌባ ደንበኛ መሆን ነው። አንድ ጊዜ የጋራዡን ባለቤት «ጋሼ፣ የዚህ መኪና ባለቤት ዕቃው እንደሚፈታ ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሰውዬውን እኔም እየፈለግኋቸው ነው፤ የመቆሚያ ዕዳ አለባቸው» አሉኝ። ሌላ መኪና አሳዩኝ እንጂ ያንን አልነካሁትም። ስገዛም የመኪናው ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነትና የተከፈለው ብር የሰፈረበት ወረቀት አስፈርሜ እይዛለሁ፤ አንዳንዱ ባለጋራዥ እንደ ንቀት ይቆጥረዋል፣ ቢሆንም ይፈርማል። ሞተር ግን በዚህ ወረቀት አይሸፈንም። የራሱ ቁጥር ያለውና ሲቀየር ሊብሬ ላይ መስተካከል ያለበት በመሆኑ ሕጋዊ ሰነዱ ተሟልቶ ካልቀረበ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያምር ከጓሮ አልገዛውም።