ክራውስን በራሱ ስም ማድመጥ

ስለ ሙዚቃ ደራሲው ዮሴፍ ማርቲን ክራውስ በተጻፉት ጽሑፎች በአብዛኞቹ ላይ «የስዊድኑ ሞዛርት» የሚለው ቅጽል አይታጣም። ለቅጽሉ ምክንያት አለው፤ ሁለቱም የተወለዱት በ1756 ነው (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ክራውስም ያረፈው ሞዛርት ከሞተ ከአንድ ዓመት ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። ነገር ግን ሙዚቃውን ባዳመጥኩ ቁጥር ይህ ቅጽል ከጥቅሙ ጉዳቱ እየበዛብኝ መጥቷል። ሞዛርትን ፍለጋ የመጣ አድማጭ የሞዛርትን ዜማ ሲያጣ ክራውስን ጎደሎ አድርጎ ይመለከተዋል፤ የክራውስ ኃይል ያለው ግን ሌላ ቦታ፣ በጨለማ ስሜቱና አድማጭን በጭንቀት አስጠብቆ በሚያቆየው ትዕግሥቱ ውስጥ ነው።

ክራውስ በጀርመን፣ በማይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ሚልተንበርግ ተወለደ። በማንሃይም ሙዚቃን ቢማርም፣ ቤተሰቦቹ ሕግ እንዲያጠና ስለፈለጉ በማይንትስ፣ በኤርፉርትና በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲዎች ተማረ። በ1778 ዕድሉን ለመሞከር ወደ ስቶክሆልም አቀና፤ ኪነ ጥበብ ወዳዱ የስዊድን ንጉሥ ሣልሳዊ ጉስታቭ ግን ያወቀው ከጥቂት ዓመታት ችግር በኋላ ነበር። በ1781 «ፕሮሰርፒን» የተባለው ኦፔራው በንጉሡ ፊት ከቀረበ በኋላ የቤተ መንግሥት ሹመት አገኘ፤ ወዲያውም በንጉሡ ወጪ አውሮፓን እየዞረ ሙዚቃና ትያትር እንዲያጠና ተላከ። ቪየና ላይ የኦፔራ ደራሲውን ግሉክን፣ ቀጥሎም የሲምፎኒ ሊቁን ሃይድንን ያገኘው በዚህ ጉዞ ነው።

በሲ ማይነር (ማይነር ሐዘን የሚሰማበት የምዕራባውያን ቅኝት ነው) የተጻፈው ሲምፎኒው፣ ማለትም ባለ ብዙ ክፍል የኦርኬስትራ ሥራው፣ ከዚያ ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። እኔንም ከዚህ ሰው ጋር ያቆራኘኝ እሱ ነው። በዝግታ ይጀምራል፤ የአውታር መሣሪያዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ይገባሉ፣ ቀድሞ የተያዘው ድምፅ ሳይለቀቅ አዲሱ ይመጣበትና ሁለቱ ሲጋጩ ይሰማል፤ ያ ግጭት ፈታ ሲል ሌላው ወዲያው ይተካል። ይህ አገባብ የግሉክን «ኢፊጌኒያ በአውሊስ» የተባለ ኦፔራ መቅድም ያስታውሳል፤ ክራውስ ግሉክን ምን ያህል ያከብር እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም። ከዚያ በኋላ ፈጣኑ ክፍል ሲነሣ የመግቢያው ክብደት አብሮት ይሄዳል እንጂ አይራገፍም። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ለማይነር ሲምፎኒ ብዙ ጊዜ የሚሰጠውን የደስታ መዝጊያ ሳይፈልግ፣ እንደ ጀመረ በዚያው በማይነር እየገሰገሰ ይጠናቀቃል። ሃይድን ይህን ሲምፎኒ ከፍ አድርጎ ያወድሰው እንደነበር ተመዝግቧል፤ ሥራውን ደጋግሞ ያደመጠ ሰው ውዳሴው ለይሉኝታ የተነገረ አድርጎ የሚወስደው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ታላቅ ሥራው የተወለደው ከመከራ ነው። በመጋቢት 1792 ጉስታቭ በስቶክሆልም ኦፔራ ቤት በተዘጋጀ የጭምብል ዳንስ ላይ በጥይት ተመታ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ሞተ። ክራውስ ለቀብሩ ሥነ ሥርዓት የጻፈው ሲምፎኒ ድምፁ በታፈነ ከበሮ ይከፈታል፤ አራቱም ክፍሎች ዘገምተኛ ሲሆኑ ሦስተኛው የቀብር መዝሙር ነው። አራት ዘገምተኛ ክፍሎችን አከታትሎ አድማጭን አለማሰልቸት ከባድ ፈተና ነው። ክራውስ ያን ፈተና ያለፈው ሐዘኑን ባለማጋነኑ ይመስለኛል፤ ድምፁ ከፍ ሲል እንኳ ልቅሶው የተገራ ነው። እሱ ራሱም በዚያው ዓመት በዲሴምበር፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተረሳ? ሥራውን ሲሠራ የኖረው የኅትመትና የኮንሰርት ገበያው ከደራባቸው ከቪየናና ከፓሪስ ርቆ ነው። ደጋፊው ንጉሥ በሞተበት ዓመት እሱም ሞተ፤ ከሲምፎኒዎቹ ብዙዎቹ ጠፍተዋል፣ በሌሎች ደራስያን ስም የተሰራጩም አሉ። «ኤኔያስ በካርቴጅ» የተባለው ታላቅ ኦፔራው አዲሱን ኦፔራ ቤት ይመርቅበታል ተብሎ ቢታሰብም፣ ዋናዋ ዘፋኝ ከስቶክሆልም በመሸሿ ቀረ፤ መድረክ ላይ የወጣውም በ1799 ደራሲው ከሞተ በኋላ ነው።

ዛሬ ክራውስን ማድመጥ የተቻለው የበርቲል ቫን ቡር ዝርዝር ጥናት ሥራዎቹን ስላጣራልን፣ ፔተር ሱንድክቪስትም የስዊድን ቻምበር ኦርኬስትራን እየመራ ሲምፎኒዎቹን ናክሶስ ለተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ስለቀረጸልን ነው። ለጀማሪ የምመክረው የሲ ማይነሩን ሲምፎኒ አስቀድሞ፣ ከዚያ የዚሁ ሥራ የቀደመ መልክ የሆነውንና በሲ ሻርፕ ማይነር የተጻፈውን እንዲያደምጥ ነው። በቀደመው ውስጥ የነበረው ሚኑኤት የተባለው የጭፈራ ክፍል በኋለኛው የለም። እኔ ደራሲው ሚኑኤቱን ማውጣቱ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያለ እሱ ከዘገምተኛው ክፍል በቀጥታ ወደ መጨረሻው ግስጋሴ እንገባለን፣ መሐል ላይ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት የጭፈራ ፋታም አይኖርም።